ሁከት ሲነሣ ባለሱቅ ሽጉጥ ይታጠቅን?

ባለፈው ወር በዋሽንግተን ከተማ ሱቅ ካለው ከአንድ ወዳጄ ደብዳቤ ደረሰኝ። ወዳጄ አገሩን ከለቀቀ 26 ዓመት ሆኖታል፤ በመጀመሪያ ታክሲ እየነዳ፥ ቀጥሎም የሌላ ሰው መደብር እየጠበቀ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ በ2009 ዓ.ም. አንዲት አነስተኛ ግሮሰሪ ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።) መኖሪያው ከወንዙ ማዶ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ደብዳቤው ስለ ቡናና ስለ በርበሬ ዋጋ ብዙ ካተተ በኋላ በመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፥ አንድ ነገር ላማክርዎ። በ2020 በሜይ መጨረሻ የሆነውን ያስታውሳሉ። ከሱቄ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው መደብር መስታወቱ ረግፎ ዕቃው ተዘረፈ፤ የእኔን እግዜር ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ አለ በተባለ ቍጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። በቨርጂኒያ ሽጉጥ ሸሽጎ የመታጠቅ ፈቃድ አለኝ፤ ሆኖም እስካሁን ከቤት አውጥቼው አላውቅም። ከእንግዲህ ግን እንደ ቍልፌና እንደ ስልኬ ጧት ጧት ታጥቄው ልውጣ ወይ? ባለቤቴ አይሆንም ትላለች፤ ጓደኞቼ ይሁን ይላሉ። እርስዎም በዚህ አገር ሱቅ ጠብቀው ያውቃሉና ምን ይሉኛል?»

መልሱን ለእርሱ ብቻ ጽፌ ልተወው ነበር። ነገር ግን ከምክር ቤታችን አባሎች ብዙዎቹ በዚያ አገር ወንድም፥ ሸሪክ ወይም ደንበኛ ያላቸው ናቸው። ከዚህ የሚላከውን በርበሬና ሽሮ፥ ቡናና እንጀራ ተቀብለው የሚቸረችሩት እንደ ወዳጄ ያሉ ባለሱቆች ናቸው፤ የእነርሱ መደብር በተቃጠለ ጊዜ የእኛም ሒሳብ ሳይከፈል ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ በዚህ ጋዜጣ ላይ ቢታይ ከንግድ ነገር የራቀ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ስለ መብቱ ጥቂት እንበል። ጁን 23 ቀን 2022 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ጉዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ፥ ሰው ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ ታጥቆ ከቤቱ ውጭ መሄዱ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት መሆኑን ወስኖ፥ አመልካቹ ከሌላው ሕዝብ የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረውን ሕግ ሽሮታል። ከ50ዎቹ ግዛቶች መካከልም በ2024 ዓ.ም. 29ኙ፥ ሕግ ያልከለከለው ዐዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ እንዲታጠቅ የሚፈቅዱ ሆነው ነበር። ስለዚህ ወዳጄ የጠየቀኝ መብት አለኝ ወይ ብሎ አይደለም፤ ይበጀኛል ወይ ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ የሚያደባልቃቸውም ፍርሃት ነው። በ2020 ዓ.ም. በጁን ወር ብቻ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ፥ ማለት ኤፍ ቢ አይ፥ ከጦር መሣሪያ ግዥና ፈቃድ ጋራ የተያያዘ 3.9 ሚሊዮን ያህል የሰው ማንነት ምርመራ አድርጓል፤ በዚያ ዓመት በሙሉ የተደረገው ምርመራ 39.7 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። አንድ ምርመራ ሁልጊዜ አንድ መሣሪያ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ሕዝቡ በወረርሽኙና በሁከቱ መካከል ሆኖ ወደ መሣሪያ መሸጫው እንደ ተሰለፈ ያሳያል። ከተሰለፉትም መካከል ከዚያ በፊት በእጃቸው ሽጉጥ ይዘው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በኮት ሥር የሚታጠቁት ሽጉጥ ለአንድ ዐይነት አደጋ ብቻ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ይኸውም አጥቂው አንድ ወይም ሁለት ሆኖ፥ በቅርብ ቆሞ፥ በድንገት የመጣ እንደ ሆነ፥ ማምለጫም የጠፋ እንደ ሆነ ነው። ሁከት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚመጣው ብዙ ሰው ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ከመምጣቱ በፊት በሬዲዮ ይነገራል፥ በስልክ ይዛመታል፤ አስቀድሞ ለሄደ ሰው መሄጃው ክፍት ነው። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ጥይት የጐረሰች ሽጉጥ ሁለት መቶ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ ምን ትሠራለች? ደግሞም የተሸሸገ መሣሪያ አይታይምና ማንንም አያስፈራም። ባለቤቱ እንዲያስፈራ ቢፈልግ ማውጣት አለበት፤ ካወጣው በኋላ ደግሞ ከሁለት መቶው ሰው ማን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ሽጉጥ መታጠቅ የሚገባ ቢሆን ምክንያቱ በተራው ማክሰኞ ምሽት ገንዘብ ለመንጠቅ የሚመጣው ወንበዴ ሊሆን ይገባል እንጂ ሁከቱ አይደለም። በተራው ማክሰኞ አያስፈልገኝም ብሎ 15 ዓመት የኖረ ሰው፥ ሰልፍ ስለ ተጠራ አሁን ያስፈልገኛል ቢል ሚዛኑን የያዘው በተገላቢጦሽ ይመስለኛል።

ይህን ስል የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚያነሡትን ምሳሌ ዐውቀዋለሁ፤ እርሱም የሎስ አንጀለስ ኮሪያውያን ነው። ኤፕሪል 29 ቀን 1992 ዓ.ም. ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነጻ በወጡ ጊዜ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጠፋውም ንብረት ወደ 1,000 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ከኮሪያውያን መደብሮች ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ተዘረፉ፥ ተቃጠሉም። ፖሊስ ሰፈራቸውን ጥሎ በሄደ ጊዜ ባለሱቆቹ በራሳቸው ቋንቋ በሚናገረው ሬዲዮ እየተጠራሩ ጠመንጃና ሽጉጥ ይዘው ከጣራ ላይ ወጡ። በዚህም አንዳንድ መደብሮች እንደ ዳኑ የሚካድ አይደለም። መንግሥት ጥሏቸው ሲሄድ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ የሚላቸው ሰው በቦታቸው ቆሞ አላየውም፤ እኔም አልላቸውም።

ነገር ግን ምሳሌውን ሙሉውን እንውሰደው። እነዚያ ሰዎች የቆሙት በማኅበር ነው፤ የሚተዋወቁ ናቸው፤ መሣሪያቸውም ከሩቅ የሚታይ ነበር። ይህ አንድ ባለሱቅ ለብቻው በወገቡ ሸሽጎ ከሚታጠቀው ጋራ የሚያመሳስለው ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ ኤፕሪል 30 ቀን ሌሊት የወገኖቹን ሱቅ ለመርዳት የወጣ የ18 ዓመት ኮሪያዊ ወጣት በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ የተኰሱትም ዘራፊ መስሏቸው የገዛ ወገኖቹ እንደ ነበሩ ይታመናል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ማርች 16 ቀን 1991 ዓ.ም. በዚያው ከተማ አንዲት ኮሪያዊት ባለሱቅ፥ ላታሻ ሃርሊንስ የተባለችውን የ15 ዓመት ልጃገረድ የ1 ዶላር ከ79 ሳንቲም የብርቱካን ጭማቂ ልትሰርቅ ነው ብላ ከያዘቻት በኋላ፥ ተደባድበው ልጅቱ ፊቷን አዙራ ስትሄድ ከኋላዋ ተኵሳ ገደለቻት። ሽጉጡ በመደብሩ የተቀመጠው ለወንበዴ ነበር። ሱቁም ብዙ ጊዜ የተዘረፈና ባለቤቶቹ በፍርሃት የሚኖሩበት ነበር። ፍርድ ቤቱ ሴቲቱን ጥፋተኛ ናት ካለ በኋላ ወኅኒ ሳያወርድ በገደብ ለቀቃት፤ በሚከተለው ዓመት በኮሪያውያን ሱቆች ላይ ለወረደው ቍጣ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በፍርሃት ዘመን ከባንኮኒ ሥር የገባው መሣሪያ ሰውን ያገኘው በሁከት ቀን ሳይሆን በአንድ ቅዳሜ ጧት፥ ከአንዲት ተማሪ ጋራ በተነሣ የጭማቂ ጠብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅርብ ነው። ኦገስት 25 ቀን 2020 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት በኬኖሻ ከተማ ሁከት በነበረበት ሌሊት፥ የመኪና መሸጫ እጠብቃለሁ ብሎ ጠመንጃ ይዞ የወጣ የ17 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዎች ገድሎ ሦስተኛውን ክንዱን አቈሰለው። የቈሰለው ሰው ራሱ ሽጉጥ ነበረው። በፍርድ ቤት በመሰከረ ጊዜ፥ ሽጉጥ መያዝ የዘወትር ልማዱ እንደ ነበረ፥ የፈቃዱ ወረቀት ግን ጊዜው እንዳለፈበት ተናገረ፤ በዚያ ሌሊትም የመጣው ለተጐዱ ሰዎች የመጀመሪያ እርዳታ ለመስጠት ነበር። ልጁ ይህን ሰው አጥቂ አድርጎ አየው፤ ሰውዬውም ልጁን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ አየው። ዳኞቹ በኖቬምበር 2021 ልጁን ነጻ ለቀቁት፤ በፍርዱ ላይ የሚጣሉ ይጣሉ። ለእኛ ለነጋዴዎች የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው፤ በጨለማና በጭስ መካከል መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው ለሕዝቡም፥ ለፖሊሱም፥ ለሌላው ባለመሣሪያም ጠባቂ ሆኖ አይታይም። ባለሱቁ «ይህ የእኔ ሱቅ ነው» የሚል ጽሑፍ በግንባሩ አልለጠፈም።

እዚህ ላይ የራሴን ጕድ ልናገር። በዚያ አገር 11 ዓመት ሱቅ ስጠብቅ ከጐረቤት የነበረ ነጋዴ በተዘረፈ ሰሞን እኔም ሽጉጥ ገዝቼ ታጥቄ ነበር። ልምምዴ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው። የቢራ ካሳ ለማንሣት ባጐነበስሁ ቍጥር ይቈረቍረኛል፤ መኪና ስነዳ ወገቤን ይቈነጥጠኛል። አንድ እሑድ ወደ ተዝካር ስሄድ እንዳይቈነጥጠኝ አውጥቼ በኮቴ ኪስ ከተትሁት። አዳራሹ ሞቅ ሲል ኮቴን አውልቄ ከወንበር ላይ አንጠልጥዬ ወጥ በማቅረብ ማገልገል ጀመርሁ፤ ሽጉጡንም ፈጽሞ ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ልሰናበት ስል የባለቤቱ ልጅ፥ ሰባት ዓመት አይሞላውም፥ ኮቴን በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣልኝና «ጋሼ፥ ኮትዎ ከበደኝ» አለኝ። ልጁ ምን እንደ ተሸከመ አላወቀም፤ ለአባቱም እስከ ዛሬ አልነገርሁትም። በማግስቱ መሣሪያውን ለሸጠልኝ ሰው በግማሽ ዋጋ መለስሁለት። በየቀኑ መታጠቅ ማለት በየቀኑ ማሰብ ማለት ነው፤ ከልጅነታቸው የለመዱት የዚያ አገር ሰዎች ይችሉበት ይሆናል። በሁከት ወሬ ተደናግጦ የጀመረ ሰው ግን ሁከቱ ሲያልፍ ሐሳቡን ይተወዋል፥ ሽጉጡ ግን ከኪሱ ይቀራል።

ወደ ሕጉ ስንመለስ ወዳጄን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። በቨርጂኒያ የተሰጠው ፈቃድ በዋሽንግተን አይሠራም፤ በሜሪላንድም አይሠራም። ስለዚህ ወዳጄ ጧት ከቤቱ ሕጋዊ ሰው ሆኖ ይነሣና ድልድዩን ሲሻገር ወንጀለኛ ሆኖ ይደርሳል። በዋሽንግተን ከቤቱና ከሥራ ቦታው ውጭ ያለ ከተማይቱ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ የተገኘ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ከዚህም በቀር የሁከት ቀን የራሱ ሕግ አለው፤ ለምሳሌ በኖርዝ ካሮላይና በአደባባይ ሰልፍ ላይ የሚካፈለው ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚመለከተውም ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ተከልክሏል። በደጁ ቆሞ ሰልፍ የሚያይ ባለሱቅ ተመልካች ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት፤ የጥብቅና ዋጋው ግን ከባለሱቁ ኪስ ነው የሚወጣው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዜግነት ላልወሰዱት ወገኖቻችን ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፥ በተለምዶ ግሪን ካርድ የሚባለውን የያዘ ሰው መሣሪያ መግዛት አይከለከልም። ነገር ግን የመሣሪያን ሕግ ተላልፎ በመያዝ ወይም በመታጠቅ ጥፋተኛ ነው ከተባለ፥ የስደተኞች ሕግ ከአገር እንዲባረር ይፈቅዳል። ማንንም ባይጐዳ፥ ጥይትም ባይተኵስ ያው ነው። የ26 ዓመት ድካም በአንድ ድልድይ ላይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ስለ ንብረት ደግሞ፥ በአብዛኞቹ ግዛቶች ንብረትን ብቻ ለማዳን ብሎ ሰው መግደል አይፈቀድም። ቴክሳስ በሌሊት ለሚደረግ ስርቆትና ጥፋት ልዩ ደንብ አላት፤ ይህ ግን ከተለመደው የወጣ ነው። ሕይወቱ በእውነት አደጋ ላይ የወደቀበት ሰው መከላከል ይችላል፤ መስታወቱ የተሰበረበት ግን አይችልም። እንግዲህ ባለሱቁ ሱቁን ሊጠብቅ በሌሊት ሄዶ ከተቀመጠ፥ ሊጠብቀው የማይፈቀድለትን ዕቃ ብሎ ሊጠብቀው የሚፈቀድለትን ሕይወቱን ወደ አደጋው ተሸክሞት ሄደ።

ዕቃን የሚጠብቀው መድን ነው። እኔ ነጋዴ ሁሉ ሊቈጣበት ይገባል የምለው ነገርም እዚህ ነው። በአሜሪካን አገር የተለመደው የንግድ ቤት መድን ሁከትና ብጥብጥ ያደረሰውን ጉዳት ይሸፍናል። በ1992 መድን ሰጪዎች የከፈሉት 775 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ የ2020ው ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተገምቷል። ይሁን እንጂ በሎስ አንጀለስ ከተቃጠሉት ኮሪያውያን ብዙዎቹ አረቦኑ ርካሽ ነው ብለው የገዙት በግዛቱ ፈቃድ ከሌላቸው የውጭ አገር ኩባንያዎች ነበርና ገንዘባቸውን ሳያገኙ ቀሩ። በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል በ2020 ወደ 1,500 የሚሆኑ ቤቶችና መደብሮች ተጐዱ፤ ከእነርሱም መካከል አንድ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ፈጽሞ ተቃጥሏል። በዚያ ጊዜ ነጋዴዎቹን ያስለቀሳቸው ፍርስራሹ ነበር። የብዙዎቹ ውል ለፍርስራሽ ማንሻ የሚከፍለው ከ25,000 እስከ 50,000 ዶላር ሲሆን፥ ሥራ ተቋራጮቹ የጠየቁት 200,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ነው። በዚህ ላይ የሚኒያፖሊስ ባለሥልጣኖች የቀሪው ግማሽ ዓመት የንብረት ግብር አስቀድሞ ካልተከፈለ የማፍረሻ ፈቃድ አንሰጥም አሉ። ለተቃጠለ ቤት! እነዚህን ነጋዴዎች ሽጉጥ አላዳናቸውም፤ ከዓመታት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ውሉን አንብበው ቢሆን ግን ብዙ ነገር ይቀልላቸው ነበር።

በአገራችንም ነገሩ የተለየ አይደለም፤ እንዲያውም ይብሳል። በእኛ ዘንድ የተለመደው የእሳት መድን ሁከት ያደረሰውን ጉዳት በራሱ አይሸፍንም፤ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ ለብቻው የሚገዛ ነው። በ2020 ዓ.ም. በጁን መጨረሻ በሻሸመኔ ሆቴሎችና ሱቆች ሲቃጠሉ ያየ ነጋዴ ይህን ሊረሳው አይገባም ነበር። ስለ መሣሪያውም በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በጥንቱ ዘመን የነጋድራሱ ቅፍለት በጠመንጃ ይጓዝ ነበር የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነት ነው፥ ይጓዝ ነበር። ቅፍለቱ ግን ሽፍታን የፈራው በበረሃ ነው፤ ገበያ ከገባ በኋላ የሚጠብቀው የገዢው ዳኝነት እንጂ ጠመንጃው አልነበረም።

ለወዳጄ የጻፍሁለት መልስ አጭር ነው። ሽጉጡን ለሁከት ብለህ አትጀምር፤ ልትታጠቅ ከወሰንህም በመጀመሪያ የዋሽንግተንን ፈቃድ አውጣ፥ ሥልጠናውን ጨርስ፥ ከባለቤትህም ጋራ ተስማማ። ሰልፍ በተጠራ ቀን ገንዘቡን ወደ ባንክ ውሰድ፥ መዝጊያውን አውርድ፥ ሠራተኞችህን በጊዜ አሰናብት፥ አንተም ቤትህ ግባ። የዕቃህን ዝርዝርና ፎቶግራፍ ከሱቁ ውጭ አስቀምጥ። ከጐረቤት ባለሱቆችና ከሰፈሩ ልጆች ጋራ በደኅና ጊዜ ተዋወቅ፤ በስምህ የሚጠሩህ ይሁኑ። የመድን ውልህንም ፈልገህ አንብብ አልሁት።

ያለፈው ሳምንት መልሱ መጣ። «ጋሼ፥ ሽጉጡን ካዝና ውስጥ መልሼ ቈለፍሁበት፤ ባለቤቴ ሰላም ብላለች። ውሉን ከስንት ፍለጋ በኋላ አገኘሁት። የዕቃው ግምት የተጻፈው በ2009 ሱቁን የገዛሁ ጊዜ ነው፤ 40,000 ዶላር ይላል። ዛሬ የመጠጡ መደርደሪያ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። የፍርስራሹን ነገር ግን ከነጭራሹ አላገኘሁትም። ወኪሉ ሰኞ ይመጣል።»